እያሰብንበት ነው

ስልክ መደወልም ሥራ ነው ቢሏት ድሮ ትስቅ ነበር። ተቀምጦ ማውራት፣ ምኑ ይደክማል? አሁን ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ጠዋት የሱቁን መዝጊያ ከፍታ ያቺን ስልክ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጣት ገና ሳትደውል ይደክማታል። ድንጋይ ተሸክሞ መዋል ይሻላል። ድንጋይ ቢያንስ «እያሰብንበት ነው» አይልም።

ሱቁ እንደ ኮሪደር ጠባብ ነው። በአንዱ ግድግዳ የቆርቆሮ ናሙና በየቀለሙ ተሰቅሏል፤ በሌላው ሥር መሰላል ተጋድሟል፤ መሀል ላይ እሷ፣ ጠረጴዛዋና ስፖንጁ ያፈጠጠ ወንበሯ። ሥራቸው የሚያፈስ ጣሪያ መጠገን ነው። ታላቅ ወንድሟ ሄዶ ቤቱን ያያል፣ ይለካል፣ ዋጋውን ይነግራታል። እሷ ፕሮፎርማውን ጽፋ፣ ማኅተም መትታ፣ በስልኳ ፎቶ አንስታ ለደንበኛው ትልካለች። መልእክቱ መነበቡን የምታሳየው ሰማያዊ ምልክት ወዲያው ብቅ ትላለች። ከዚያ በኋላ ሰውየው የውሃ ሽታ ይሆናል።

መጀመሪያ ላይ ትጠብቅ ነበር። ሰው ነው፣ ጉዳይ ይኖረዋል፣ ከባለቤቱ ይማከራል። ከዚያ መደወል ጀመረች። «እንደምን ዋሉ፣ ከጣሪያ ጥገናው ነው፣ የላክንልዎትን ዋጋ አዩልን ወይ?» ይህቺን ነገር ምላሷ ፀጉር እስኪያበቅል ብላታለች። ባለ ዳቦ ቤቱ፣ «እያሰብንበት ነው እህቴ።» የሂሳብ አስተማሪው፣ «እያሰብንበት ነው።» ባለፈው ዓመት የተጋቡት ባልና ሚስት ደግሞ ስልኩን እየተቀባበሉ በየተራ፣ «እያሰብንበት ነው።» ወይ ጉድ! አገር ምድሩ አሳቢ ሆነ እኮ! ኮርኒሱ እያበጠ፣ ፍራሹ እየራሰ፣ ቁጭ ብሎ ያስባል።

ደሞ የሚገርመው፣ አንድ ሰው እንኳ «ተወደደ» አይልም። ዋጋ ሰምቶ ሳይከራከር ስልክ የዘጋ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሷ በዕድሜዋ አላየችም። «ትንሽ እንቀንስልዎት?» ትላለች ራሷ ለምና። «ኧረ አይ፣ ዋጋውስ ጥሩ ነው» ይሏታል ተሽቀዳድመው፣ የሆነ ሐዘን በሚመስል ድምፅ። ጥሩ ከሆነ ታዲያ ምን ቀራችሁ? ስልኩን ዘግታ ለቆርቆሮው ናሙና ትሳደባለች፤ ሌላ የሚሰማት የለማ።

ወንድሟን ሰፈሩ ሁሉ ድመቱ ነው የሚለው። ቆርቆሮ ላይ ሲራመድ ኮቴው አይሰማም። ከሥር የተኙ ሰዎች ሳይነቁ ጣሪያቸውን ጠግኖ የወረደበት ቀን አለ ይባላል፤ የሚለው ራሱ ነው፣ ግን እስከ ዛሬ ያስተባበለ የለም። አባታቸው ሲሞት እሷ ገና ልጅ ነበረች፤ ወንድሟ ነው ከጣሪያ ጣሪያ እየተንጠላጠለ ያስተማራት። በኋላ «እኔ እንደሆንኩ ስልክ ማውራት አላውቅበትም፣ ነይ አግዢኝ» ሲላት፣ ክሊኒክ ውስጥ የነበራትን የካርድ ክፍል ሥራ ለቃ መጣች። አላመነታችም። ወንድም ጋሼ ጠርቷት እንዴት ትቀራለች?

ወንድም ጋሼ አንድ ሕግ አለው። የትኛውም ጣሪያ ላይ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ከዳር እስከ ዳር ረግጦ ሳይጨርስ ሠራተኛ መሰላሉን አይነካም። «እኔ ያልረገጥኩትን ማንም አይረግጥም» ይላል፤ ሲለው ደግሞ ደረቱን ትንሽ ነፋ ያደርጋል። ባለፈው የዝናብ ወቅት አንድ የዛገ ቆርቆሮ ከእግሩ ሥር ተቀዶ እስከ ብብቱ ሰመጠ። እንጨቱ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ሠራተኛው ጎትቶ አወጣው። እራት ላይ «ጣሪያው ዋጠኝ፤ ግን አልጣፈጥኩትም መሰለኝ መልሶ ተፋኝ» ብሎ ሲያወራ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ በላይ የሳቀችው እሷ ነበረች።

ጎትቶ ያወጣው ሠራተኛ ቀዮ ነው። ድሮ ሌሎችም ነበሩ፤ አንድ በአንድ ሄደው አሁን የቀረው እሱ ብቻ ነው። የልጆች አባት ነው፣ እጁ የተባረከ፣ ነገር ግን ለወራት አሸንዳ ከመጥረግ በቀር ሥራ አላገኘም። አሸንዳ መጥረግ ደግሞ ምን ሥራ ነው፤ የሰው ቤት ቅጠል ለቀማ። ሰኞ ጠዋት መጥቶ ጠረጴዛዋ ፊት ቆመና ባርኔጣውን ያሽከረክር ጀመር።

«እትዬ፣ ልደብቅሽ አልፈልግም» አላት። «ሕንፃ የሚሠሩ ሰዎች ጠርተውኛል። ለጋሼ አፍ አውጥቼ መናገር አቃተኝ። እስከ ቅዳሜ አንድ የረባ ጣሪያ ከመጣ አልሄድም። ካልመጣ ግን... ልጆቼስ?»

«ገባኝ» አለችው። ቀዮ ከሄደ ሱቁ አበቃለት። ድመቱ ብቻውን ቆርቆሮ ማንሳት አይችልም፣ እሷ ደግሞ መዶሻ ይዛ አታውቅም። መዝጊያውን አውርዶ ቁልፉን ለአከራዩ መመለስ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት የለፉበት ነገር በ«እያሰብንበት ነው» ውሃ ሊበላው ነው።

ወንድሟ ከሰዓት በኋላ ሲመጣ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ዛሬም ዝም ብለዋል» አለችው።

«ተያቸው እሙዬ» አለ፣ ጃኬቱን እየሰቀለ። «ሰው ኑሮ ከብዶታል። አታጨናንቂያቸው።»

«እኔ ነኝ የማጨናንቃቸው? ቤታቸው ውስጥ እኮ ነው የሚዘንበው!»

«ሲመቻቸው ይደውላሉ» አለና ሚስማሮቹን በየመጠናቸው መለየት ጀመረ። ትናንትም የለያቸው ሚስማሮች ናቸው። እንዲህ ሲረጋጋ ነው ይበልጥ ደሟ የሚፈላው። ሰው ሱቁ እየሞተ እንዴት ይህን ያህል ይረጋጋል?

ሐሙስ ቀን፣ የቀራት የጡረተኛዋ ልብስ ሰፊ ቁጥር ነበር። እማማ ይሏቸዋል ሁሉም። ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ይላል፤ እሳቸው ጋ መደወል ማለት መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ መጮኽ ማለት ነው። ስለዚህ ስታቆየው፣ ስታቆየው፣ መጨረሻ ላይ ደረሰች።

«ሃሎ! ማነው?»

«እንደምን ዋሉ እማማ! ከጣሪያ ጥገናው ነው!»

«የድመቱ እህት ነሽ?»

«አዎ! የላክንልዎትን ዋጋ...»

«እያሰብኩበት ነው!» አሉ ቶሎ ብለው፣ ያጠናውን እንዳይረሳ እንደሚቸኩል ተማሪ።

ሌላ ቀን ቢሆን «እሺ እማማ፣ መልካም ቀን» ብላ ትዘጋው ነበር። ያን ቀን ግን ደከማት። እንዲያው ከአጥንቷ ደከማት። ግንባሯን በመዳፏ ደግፋ፣ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች፣ «ምኑን ነው የሚያስቡበት?»

ኮርኒስ ሥር የተቀመጠ ሳፋ ውስጥ ጠብታ ሲወድቅ በስልኩ ይሰማል።

«እኔንጃ ልጄ» አሉ እማማ። «እሱ ነው እንደዚያ በይ ያለኝ። ምኑን እንደማስብበት አልነገረኝም።»

«እሱ ማን?»

«ወንድምሽ ነዋ! እኔማ በዚያው ቀን እሺ ብዬው ነበር። ሌላው ይቆይ፣ ከአልጋዬ በላይ ያለውን ቅደም አልኩት። ‹እመጣለሁ እማማ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፤ እህቴ ከደወለች ግን እያሰብኩበት ነው ይበሏት› አለኝ። ውይ! ውይ አፌን በቆረጠው! አይነገራት ብሎኝ ነበር እኮ!»

ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ ግድግዳው ላይ አፈጠጠች። ሰማያዊ ቆርቆሮ፣ ቀይ ቆርቆሮ፣ አረንጓዴ ቆርቆሮ። ምን እንደተሰማት ልንገራችሁ? መጀመሪያ ምንም። ከዚያ የሳቀች መሰላት። ከዚያ ለባለ ዳቦ ቤቱ ደወለች፤ «እውነቱን ይንገሩኝ፣ እሺ ብለውት ነበር ወይ?» አለችው። ባለ ዳቦ ቤቱ ብዙ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «እህቴ፣ እኔ በሰው ቤት ነገር አልገባም። ሰውየው ለመነኝ፤ ስንት ዓመት ሲያገለግለኝ ኖሯል፤ እምቢ ልበለው?» አለ። አስተማሪው ጋ አልደወለችም። በቃት።

ይኸው እንግዲህ። ስታለቅስባቸው የከረመችው ሰዎች ሁሉ እሺ ብለዋል። ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው የገዛ ወንድሟ ነው። ለምን? አንድ ነገር ብቻ ታያት፦ ሱቁን ሊዘጋ ነው። ሰልችቶታል፣ ሊዘጋው ነው፤ ለእሷ ፊት ለፊት መንገር ፈርቶ ሥራው በራሱ እስኪሞት እየጠበቀ ነው። እሷን ደግሞ ስልክ ይዛ እንድትለምን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧታል! ክሊኒክ ያለው ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። እንባዋ እንኳ አልመጣም፣ እንባም ጉልበት ይጠይቃል።

እማማ ጋ መልሳ ደወለችና ነገ ጠዋት ሊጠግኑላቸው እንደሚመጡ ነገረቻቸው። ወንድሟ ሻዩን ይዞ ሲገባ ጠበቀችው።

«እማማ እሺ ብለዋል» አለችው።

ብርጭቆው አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ። «እያሰብኩበት ነው አላሉሽም?»

«አላሉም። ለምን ይሉኛል?»

«አይ... እንዲያው።» ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ዝናብ የሚመጣ ይመስላል ነገ።»

«ዝናብ ስለሚመጣ እኮ ነው የሚጠገነው፣ ወንድም ጋሼ።»

«መሰላሉም...»

«መሰላሉ ምን ሆነ?»

መሰላሉን አየው። ምንም አልሆነም። «ምንም» አለ። ቀዮ በሩ ላይ ቆሞ ስለ ነበር ሰማና ፊቱ እንደ ልጅ በራ፤ ወዲያው ሚስማርና ቆርቆሮ ሊያዘጋጅ ተፍ ተፍ አለ። ወንድሟ ያን ምሽት ራስ ምታት አለኝ ብሎ በጊዜ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሥራ ቦታ ሄዳ አታውቅም። በማግስቱ ግን «እኔም እመጣለሁ» አለች፤ ማንም ለምን አላላትም። አጥብቃ ይዛዋለች ነገሩን። ከእማማ ፊት፣ ከቀዮ ፊት አቁማ «በል አሁን ንገረኝ፣ ለምን?» ልትለው ነው። ዓይኑን በጨው አጥቦ «ሲመቻቸው ይደውላሉ» ሲላት የከረመውን ሰው ዛሬ ላታዝንለት ቆርጣለች።

የእማማ ቤት አንድ ክፍልና ጓዳ ነው። የልብስ ስፌት መኪናዋ ላስቲክ ለብሳለች፤ አልጋው ከግድግዳው ተነስቶ በሩን ሊዘጋ ምንም አልቀረው፤ ከቆመበት ቦታ ሳፋ ተቀምጧል። ኮርኒሱ ላይ ሻይ የተደፋበት የመሰለ ትልቅ ቡናማ ክብ አለ። እማማ በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡና ሥራውን እንደ ሠርግ ሊያዩ ተዘጋጁ። ወደ እሷ ዞረው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፣ አደራ እንዳትናገሪ ማለታቸው ነው።

ወንድሟ መሰላሉን አቆመ። ነቀነቀው። ደህና ነው። አንስቶ ትንሽ ራቅ አድርጎ አቆመው። እንደገና ነቀነቀው። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ውሃ ጠየቀ፣ እማማ ሰጡት፣ ግማሹን ጠጥቶ ግማሹን ደፋ። እሷ እጇን አጣምራ ታየዋለች። አሁን ነው፣ አሁን ነው የምናገረው፣ ትላለች በሆዷ።

«ጋሼ፣ ደመናው ሳይጠቁር» አለ ቀዮ፣ በትሕትና።

«እየወጣሁ ነው» አለና ወጣ።

ድሮ መሰላል የሚሮጥበት ሰው ነበር። አሁን አንድ እግሩን ያነሳል፣ ሁለተኛውን አጠገቡ ያመጣል፣ ይቆማል። አንድ እግር፣ ሁለተኛው እግር፣ ይቆማል። ጭንቅላቱ የጣሪያው ጠርዝ ጋ ሲደርስ ጨርሶ ቆመ። ቀዮ ቆርቆሮውን እያመቻቸ ስለ ነበር አላየም። እማማም ከወንበራቸው የሚታያቸው ጀርባው ብቻ ነው። እሷ ግን ከሥሩ ናት። የሱሪው ጫፍ ይንቀጠቀጣል። ነፋስ መሰላት፤ ነፋስ አልነበረም። ከዚያ እግሩን አየች፣ ከዚያ መሰላሉን የጨበጡትን ጣቶቹን አየች፣ ነጥተዋል።

ያጣመረችውን እጇን ፈታች።

«ጣሪያው ዋጠኝ።» እራት ላይ የሳቁበት፣ እሷ አብልጣ የሳቀችበት። አይ እኔ ጅሏ፣ አለች፤ አይ እኔ ደንቆሮዋ! ሱቁን ሊዘጋ! ይህ ሰው ፈርቶ ነው። ድመቱ ፈርቶ፣ ቤት ለቤት እየዞረ፣ የሰው ደጅ ቆሞ፣ «እህቴ ከደወለች እንዲህ በሏት» እያለ ሲለምን ከርሟል። እነዚያ ሁሉ ሰዎች፣ ባለ ዳቦ ቤቱም፣ አስተማሪውም፣ አዲሶቹ ባልና ሚስትም፣ ሳፋ እየቀያየሩ ምስጢሩን ደብቀውለታል። ያን ሁሉ ቀን የያዘችው ንዴት በአንድ ጊዜ ከላይዋ ወረደ፤ የቀረው ድካሟ ብቻ ነው።

«ምነው ቆመ?» አሉ እማማ። ቀዮም ቀና ሊል ነው።

ስልኳን ከቦርሳዋ መዥረጥ አድርጋ አወጣችው። «ወንድም ጋሼ!» ብላ ጮኸች። «ስልክ! ላንተ ነው፣ ውረድ!»

«በኋላ...» አለ ከላይ፣ በማይታወቅ ድምፅ።

«አስቸኳይ ነው እያሉ ነው! ውረድ ስልህ!»

እግሩ መወጣጫውን እየዳበሰ፣ እየዳበሰ ወረደ። መሬት ሲረግጥ ፊቱ በላብ ርሷል። ስልኩን አቀበለችው። አየው። ጥቁር ነው፣ ማንም የለበትም። እሷን አየ። እሷም አየችው፤ ዓይኗን አልሰበረችም።

«ደንበኛ ነው» አለችው። «አናግረው።»

ቀስ ብሎ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሃሎ» አለ። ጠበቀ። «አዎ። እኔ ነኝ።» እንደገና ጠበቀ፤ እውነትም የሚያዳምጥ ይመስል ነበር። «አውቃለሁ፣ እሺ ብላችኋል። እኔ ነኝ ያቆየኋችሁ... አይ፣ ሥራ በዝቶ አይደለም። ያኔ ከሰመጥኩ ወዲህ እግሬ አይታዘዘኝም። መሰላል ሳይ ያጥወለውለኛል። ሞክሬያለሁ፤ ማንም በሌለበት ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ።» ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው አዛወረ። «እህቴማ ለኔ ብላ ሥራዋን የለቀቀች ልጅ ናት። ወንድምሽ ጣሪያ ፈርቷል ብዬ እንዴት ልንገራት? አንቺን ያሳደገሽ ሰው ፈሪ ነው ልበላት?... አዎ። አዎ፣ እዚሁ ናት። አሁን አውቃለች።»

ስልኩን አውርዶ በእጅጌው ጠረገና መለሰላት። ቀዮ ቆርቆሮውን እንደያዘ ደርቆ ቀርቷል።

«ማነው ደግሞ በሥራ ሰዓት?» አሉ እማማ ከወንበራቸው፤ ከተባለው ግማሹ እንኳ አልደረሳቸውም።

«ደንበኛ ነው እማማ» አለቻቸው።

ቀዮ ቆርቆሮውን መሬት ላይ አኖረ። መጥቶ ከወንድሟ ፊት ቆመ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «ጋሼ» አለው። «ዛሬ እኔ ልቅደም?»

ወንድሟ አፉን ከፈተ። ያቺ ሕጉ፣ ያቺ ደረቱን የሚነፋባት ነገር፣ ልትወጣ መጥታ ከንፈሩ ላይ ቆመች። ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ። ከዚያ መሰላሉን በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ያዘ።

«ሚስማር ባለበት» አለ። «ሚስማር ባለበት ብቻ ርገጥ፣ ሥሩ እንጨት አለ። ከሱ ውጭ አንዲት ጣት እንዳታሳርፍ። ቀዮ፣ ሰምተኸኛል? አንዲት ጣት!»

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ።»

ቀዮ ወጣ። እሷ ሄዳ የመሰላሉን ሌላኛውን ጎን ያዘች። አያስፈልግም ነበር፣ መሰላሉ ንቅንቅ አይልም፤ ግን ያዘች። ትከሻ ለትከሻ ቆሙ።

«ስንት ሰው ነው የዋሸልህ?» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሁሉም።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም» አለ። «አንድ እንኳ እምቢ ያለኝ የለም።»

«ነገ አንተ ነህ የምትደውለው። እኔ ደክሞኛል፣ ወንድም ጋሼ። በጣም ነው የደከመኝ።»

«እሺ። ምን ልበላቸው?»

«እኔንጃ» አለች። «እያሰብኩበት ነው።»

ወንድሟ ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። ከላይ የቀዮ እግር ቆርቆሮውን ሲረግጥ ተሰማ፣ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ሌላ። በእያንዳንዷ እርምጃ ወንድሟ ዓይኑን ይጨፍን ነበር።